ሾፌሩ ሊሆን አይችልም

ባለፈው ሳምንት ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና አንድ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። እዚያው አንድ ወጣት አሮጌ መጻሕፍት በላስቲክ ላይ ዘርግቷል። ዝናቡ እስኪያባራ ሽፋን ሽፋኑን ሳይ አንዱን ገና ሳልነካው አወቅኩት፤ ብርቱካን የሞላበት ሳጥን፣ ከሳጥኑ ኋላ የተዘረጋ የሰው እጅ። አነሳሁና ከኋላ በኩል ገለጥኩት። የመጨረሻዎቹ ገጾች በምላጭ ተቆርጠዋል። የተረፈው ጠርዝ እንደ ሁለት ቀን ፂም ብቅ ብቅ ብሏል።

«እህቴ፣ እሱ መጨረሻ የለውም። ሌላ ልስጥሽ?» አለኝ ልጁ።

ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ እኔም እናት ሆኜ፣ ያ መጽሐፍ ዛሬም ያስፈራኛል።

ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አትክልት ተራ ጥግ ላይ በነበረችው የአክስቴ ጭማቂ ቤት አቮካዶና ማንጎ እፈጫለሁ፤ ሰው ጋብ ሲል ባንኮኒው ላይ ደፋ ብዬ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ የለም። አስተማሪ ነበረሽ ወይ ብባል የምጠራው ገጣሚ ሳይሆን ጋሽ ዘለቀን ነው፤ የወንጀል ልቦለድ ደራሲውን። በእሳቸው መጽሐፍ ውስጥ ሜዳ ላይ የሚቀር ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ላይ አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ሻይ ቤት ትረሳለች፤ አንባቢውም አብሯት ይረሳል፤ መጨረሻው ላይ ያ ጃንጥላ ተመልሶ ይመጣና አንጀት ይበላል። ግጥምም እንዲህ መሆን አለበት ብዬ የወሰንኩት ከዚያ ነው።

መጽሐፍ የምናነበው በኪራይ ነበር፣ ከሙሌ። ሙሌ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችው። ተከራይተው የሚጠፉ ሰዎች ቢያስመርሩት አንድ መላ ዘየደ። የወንጀል ልቦለድ ሲገባለት የመጨረሻውን ምዕራፍ በምላጭ ይቆርጥና የብስኩት ጣሳ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሥጋውን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ነፍሱ ሙሌ ዘንድ ትቀራለች። መጨረሻውን የፈለገ መጽሐፉን ይዞ ይመለሳል። በዚያ ላይ ጣሳው ሳይከፈት በፊት ሰው ሁሉ እየሰማ «ገዳዩ እገሌ ነው፣ በዚህ በዚህ ምክንያት» ማለት ግዴታ ነው። የተሳሳተ ለተሰበሰበው ሁሉ የተጠበሰ በቆሎ ይጋብዛል። ጋሽ ዘለቀ ራሳቸው ነገሩን ስለወደዱት አልፎ አልፎ መጥተው ዱካ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሙሌንም ለሰው ሲያስተዋውቁ «መጽሐፎቼን የሚገርዝልኝ እሱ ነው» ይላሉ።

በዚያ ክረምት ግጥሞቼን በኮምፒዩተር አስጽፌ ለጋሽ ዘለቀ ሰጠኋቸው። አንድ አሳታሚ «ጀርባው ላይ የታወቀ ሰው አስተያየት ካልሰጠበት ያንቺን ግጥም ማን ያነበዋል?» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ማንም አያውቀኝም። የጋሽ ዘለቀ ሁለት መስመር ከማንጎ መፍጫው የምታወጣኝ በር መስላ ታየችኝ።

«አነበዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ ወረቀቱን ካፖርታቸው ውስጥ እየከተቱ። «አንቺም አዲሱን መጽሐፌን አንብቢና የተሰማሽን ትነግሪኛለሽ። ሳትፈሪ!»

መጽሐፉ ፍልሰታ ውስጥ ወጣ። ሙሌ ብዙ ቅጂ ገዝቶ ሁሉንም ገረዛቸው። እኔ የደረሰኝን ይዤ ከባንኮኒው ኋላ ተሸጎጥኩ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ደጁ የጎመን ቅጠልና ጭቃ ነው፣ ጾመኛው ስፕሪስ ይላል፣ አክስቴ ትጮሃለች፣ እኔ አልሰማም።

ታሪኩ እኛው ሰፈር ነው። የብርቱካን ነጋዴው መጋዘኑ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ጥሩ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሾፌሩ እጅጌውን በቧንቧ ውኃ ሲያጥብ እናየዋለን። ሦስተኛው ላይ የመጋዘኑ ቁልፍ ከሾፌሩ ኪስ ይወድቃል። በበፊቶቹ መጻሕፍት አንድ ሲኒ ላይ አፍጥጦ ገጽ ሙሉ ዝም የሚለው መርማሪ፣ ሻምበል አምዴ፣ አሁን ሽጉጥ እየተኮሰ ንግግር ያደርጋል። አንድ ዓይነ ስውር ሎተሪ አዟሪ አራተኛው ምዕራፍ ላይ መጥቶ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ይከፍትና ከዚያ በኋላ የለም። ዝናቡ እንኳ «እንደ እንባ» ነው የሚዘንበው። ጋሽ ዘለቀ! እንደ እንባ!

ገጾቹን በጥድፊያ መግለጥ ጀመርኩ። የታሪኩ ጉጉት አልነበረም የሚያጣድፈኝ፤ ፍርሃት ነው። ዶክተር ዘመድሽን ይዞ ሲዘገይ በር በሩን እንደሚታየው ዓይነት። ይህን መጽሐፍ ካልወደድኩት ምን ብዬ ልነግራቸው ነው? ግጥሞቼ ኪሳቸው ውስጥ ናቸው።

የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ስደርስ ግን አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝና ትንፋሼ ተመለሰ። ወጥመድ ነው! እጅጌው፣ ቁልፉ፣ ሁሉም እኛን ለማታለል የተደረደረ ነው። ጋሽ ዘለቀ እንዲህ ያለ ነገር አይሠሩም። ያ ሎተሪ አዟሪ በከንቱ አልመጣም፤ ዓይነ ስውርም አይደለም። ነፍሱ ሙሌ ጣሳ ውስጥ አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ሙሌ ዘንድ ተሰበሰብን። ልብስ ሰፊዋ እትዬ አልማዝ መቀሳቸውን ከነማሰሪያው አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጥተዋል። የታክሲ ረዳቱ ጆሲ ከሥራ አስፈቅዶ ቆሟል። የበቆሎ ከሰል ይሸታል። ጋሽ ዘለቀ ዱካቸው ላይ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ግጥሞቼን ከሰጠኋቸው ወዲህ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ካፖርታቸውን አየሁ። ኪሱ አብጧል።

«ገዳይዋ ሚስትየው ናት» አሉ እትዬ አልማዝ። «ለቅሶው ላይ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችበትን አኳኋን አላያችሁም? እኔ ነጠላ አውቃለሁ!»

«የለም፣ እትዬ፣ መርማሪው ራሱ ነው» አለ ጆሲ። «ሻምበል አምዴ ጠባዩ ተቀይሯል። ጥይት ሲያባክን አላያችሁትም? ይሄ ሰውዬ ሻምበል አምዴ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው!»

እኔ ስለ ሎተሪ አዟሪው ተናገርኩ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀልኝ። ጋሽ ዘለቀ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ይሄኔ አንድ ክራባት ያሰረ የቢሮ ሠራተኛ፣ ያን ሰሞን የመጀመሪያ መጽሐፉን የተከራየ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንኳ... ሾፌሩ አይደለም እንዴ? እጅጌውን ሲያጥብ...»

ሳቁ እስከ ድልድዩ ሳይሰማ አልቀረም።

«ፋራ!» አለው ጆሲ ትከሻውን መታ እያደረገ። «አይ ወንድሜ፣ ጋሽ ዘለቀን አንብበህ አታውቅም ማለት ነው። ሾፌሩማ ሊሆን አይችልም!»

«በቆሎውን ከአሁኑ እዘዝ» አሉት እትዬ አልማዝም።

ሙሌ ጣሳውን ከፈተና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሻምበል አምዴ ሁሉንም ሰው መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበ። ረጅም ንግግር አደረገ። እኛ አንገታችንን አስግገናል። አሁን ይገለበጣል፣ አሁን፣ አሁን... «ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ‹አዎ፣ እኔ ነኝ› አለ።» ሙሌ ገጹን ገለጠ። ባዶ ነው። መልሶ ገለጠው፣ የተጣበቀ ገጽ ያለ ይመስል በጣቱ አሻሸው።

ማንም አልሳቀም። ክራባታሙ ራሱ የረታ አይመስልም ነበር፤ ያጠፋ ሰው ይመስል ክራባቱን ያስተካክላል። ጆሲ ቀስ ብሎ «እንግዲህ የበቆሎው ዕዳ የኛ ነው» አለ።

ጋሽ ዘለቀ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? ተነጋግረን ነበር።»

በጣም ጥሩ ነው ማለት ይቻላል፤ አጭር ነው፣ ማንም አይጎዳም። ግን ዓይናቸው፣ እንደ በፊቶቹ መጻሕፍታቸው ሻምበል አምዴ፣ ዝም ብሎ ያየኛል።

«ጋሼ፣ ሾፌሩንማ ሁላችንም ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ አይተነዋል» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ያላመንነው እርስዎ ስለሆኑ ነው።»

የደረሳቸውን በቆሎ ፍሬ በፍሬ ይፈለቅቁ ጀመር።

«ሎተሪ አዟሪው» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «እሱን እኮ ረስቼው ነው።»

ቆባቸውን ደፍተው ቁልቁል ወደ ድልድዩ ወረዱ። ከነካፖርታቸው፣ ከነግጥሜ።

ነሐሴ አለቀ። አልመጡም። ካፖርት የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀምጣለሁ። አክስቴ ነገሩን ከሰማች ወዲህ «ጥሩ ነው ብትዪ ምላስሽ ይቆረጣል? ሽማግሌ ነው፣ ምን አለበት!» ትለኛለች። እኔም ሌሊት ሌሊት በሐሳቤ ሺህ ጊዜ ጥሩ ነው አልኳቸው።

የአደይ አበባ ሻጮች ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ብቅ ባሉበት ሰሞን ጋሽ ዘለቀ ጭማቂ ቤታችን ገቡ። ስፕሪስ አዘዙ። ወረቀቶቼን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ጀርባው ላይ አልጽፍልሽም።»

«ተቀይመውኝ ነው፣ ጋሼ?»

«ብቀየምሽማ እጽፍልሽ ነበር።» ማንኪያቸውን በአቮካዶው ውስጥ አዞሩ። «ሆን ብላ ነው፣ አሁን ትገለብጠዋለች እያልኩ እስከ መጨረሻው ገጽ ጠበቅኩሽ። ያቺ የማንጎ ልጣጭ ላይ የተንሸራተተው ኩሊ ያለባት ግጥም ብቻ... እሷን እንዳትነኪያት። ሌላውን ከሰው ነው የወሰድሽው።»

ስፕሪሱን ሳይጨርሱ ተነሱ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ፤ ለእኔ ያም ትንሽ ነገር አልነበረም።

ያ የግጥም መጽሐፍ አልታተመም። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ታተመ፣ ከኩሊው ጋር፣ ጀርባው ባዶውን። ጋሽ ዘለቀ ግን ከዚያ በኋላ መጽሐፍ አላወጡም። ይጽፉ ነበር የሚል ሰው አለ፤ የለም፣ ያ የመጨረሻቸው ነው የሚልም አለ። ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ጆሲን አገኘሁትና ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል ሳንተነፍስ ተቃቅፈን አለቀስን። የሙሌ ሱቅ የነበረባት ቦታ ዛሬ ሰፊ አስፋልት ነው። እኔም አልፎ አልፎ፣ በተለይ ክረምት ሲገባ፣ ያን ቅዳሜ ዝም ብል ኖሮ ሌላ መጽሐፍ ይኖረን ነበር ወይ እያልኩ እጨነቃለሁ። ለዚህኛው መልሱን ቆርጦ ያስቀመጠልኝ የለም።

«እህቴ፣ መጨረሻ የለውም እኮ» አለኝ ልጁ ደግሞ፣ ዝናቡ ሲያባራ መጽሐፉን እንደያዝኩ ስቆም።

«አውቃለሁ» ብዬ ገዛሁት።

ታክሲ ውስጥ ጀመርኩት። ሾፌሩ እጅጌውን አጠበ፤ ቁልፉ ወደቀ፤ ዝናቡ እንደ እንባ ዘነበ። ሎተሪ አዟሪው መጣ፣ አፉን ከፈተ። ከዚያ እስከ ተቆረጠው ጠርዝ ድረስ፣ ሁሉን እያወቅኩ፣ እሱ እስኪመለስ ጠበቅኩ።