ከደብተሬ ግርጌ የጻፍሁት የአባቴ ስም

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ተነሥቻለሁ። ስናገር ነገር ማሳመር እንደምወድ ራሴም አውቀዋለሁና፣ ዛሬ ጽፌ የመጣሁትን ብቻ እንዳነብ ፍቀዱልኝ። ለምን እንደምጠነቀቅ ኋላ ይገባችኋል።

የተወለድሁት በጎጃም፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ የገብርኤል ደብር አጠገብ ነው። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ናቸው። እናቴ የሞጣ ሰው ነበረች፤ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደጉኝም፣ ዳዊት ያስደገሙኝም አባቴ ናቸው። በአገራችን የርስት ክርክር ሲነሣ አባቴ ለምስክርነት ይጠሩ ነበር። ሁልጊዜ ቃላቸውን ለሁለት ከፍለው ነው የሚሰጡት፤ መጀመሪያ በዓይናቸው ያዩትን፣ ቀጥሎ የሰሙትን፣ ከማን እንደ ሰሙት ስም እየጠሩ። ሁለቱን ሲያደባልቁ ሰምቼ አላውቅም።

ታሪክ ላጠና ወደ ክርስቲያን ኮሌጅ ስሄድ ተቆጡ። "የሚሲዮን እንጀራ አማረሽ?" አሉኝና ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለደብዳቤዬ መልስ አልሰጡም። ከዘመድ የሚጽፍልኝ የእናቴ ወንድም፣ የሞጣው ጋሼ ደሳለኝ ብቻ ነበሩ።

እውነቱን ልንገራችሁ። በኮሌጁ እዘምር ነበር፣ ጮክ ብዬም እጸልይ ነበር፤ ጌታን ግን አላውቀውም። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ አልሰክርም፣ አልሰርቅም፣ ንስሐ የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ነው እል ነበር። ከሁሉ የምወደው መመስገን ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የታሪክ መምህራችን እያንዳንዳችን የአገራችንን ደብር ታሪክ ከሽማግሌ ጠይቀን እንድንጽፍ አዘዙን። ከግርጌው የተናጋሪው ስም እንዳይቀር አጥብቀው ነገሩን። በፋሲካ ዕረፍት ቢቸና ሄጄ አባቴን መጠየቅ ነበረብኝ። ፈራሁ። ከመኝታ ክፍሌ ሳልወጣ በልጅነቴ ከእሳቸው የሰማሁትን ጻፍሁ። ከደብሩ በታች፣ ወንዙ ዳር ያለው መሬት እንዴት የቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ ግን አላውቅም ነበርና፣ ያንን ከራሴ ፈጠርሁ። አንዲት የሞጣ ወይዘሮ፣ የእናቴ ቅድመ አያት፣ ዘሮቿ መጥተው እስኪጠይቁ ድረስ በአደራ ሰጠችው ብዬ አሳመርሁት። ከግርጌው "ተናጋሪ፦ አባቴ" ብዬ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው አሰፈርሁ።

መምህሩ ደስ ብሏቸው በክፍል ፊት አነበቡት። በጽሕፈት መኪና አስመትተው የኮሌጁን ማኅተም አደረጉበት። እኔም በኩራት አንዱን ቅጂ ለጋሼ ደሳለኝ ላክሁ።

ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። ጋሼ ያንን ወረቀት ይዘው፣ መሬቱ የእኛ የዘሮቿ ነው ብለው ደብሩን ቢቸና ፍርድ ቤት ከስሰው ኖሯል። "አባትሽ በገዛ አንደበቱ አወጣው፤ ተባረኪ ልጄ። በመጪው ወር ቀርቦ እንዲምል ተጠርቷል" ይላል ደብዳቤው።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። የኮሌጁ ክሊኒክ ነርስ ሲስተር አበበች መረመሩኝና፣ "ሆድሽስ ደኅና ነው። ምን ዋጥሽ?" አሉኝ። አለቀስሁ፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ስል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"እሺ፣ ጌታን የምትለምኚው ይቅር እንዲልሽ ነው ወይስ እንዳይታወቅብሽ?"

ስንት ዓመት ሙሉ የለመንሁት ሁለተኛውን እንደ ነበር ያኔ ገባኝ። እዚያው ተንበረከክሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያላማረ ጸሎት ጸለይሁ። ውሸታም ነኝ፣ ማረኝ አልሁ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ጌታም ማረኝ። ስሙ ይባረክ! በማግስቱ እህል ቀመስሁ፤ ለመምህሩም ጥፋቴን ተናግሬ፣ ፈቃድ ተቀብዬ መንገድ ጀመርሁ።

ቢቸና የደረስሁት በቀጠሮው ቀን ጠዋት ነበር። ጋሼ ደሳለኝ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ቆመዋል። "ይኸው ምስክሬ መጣችልኝ" ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ገና አፌን ስከፍት ባለጉዳዮቹ ተጠሩ። አባቴ ጥምጥማቸውን አድርገው ውስጥ ቆመዋል፤ ወደ እኔ አልዞሩም። ዳኛው ወረቀቱን አነሡ።

"መሪጌታ፣ ይህን ለልጅዎ ነግረዋታል?"

አባቴ ዝም አሉ። ለምስክርነት ቆመው ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም። አልነገርኋትም ቢሉ ልጃቸውን በአደባባይ ውሸታም ማድረጋቸው ነው፤ ነገርኋት ቢሉ በሐሰት መማላቸው ነው። ፊታቸውን ያዞሩብኝ አባቴ በእኔ ላይ መመስከር አቃታቸው።

ፈቃድ ጠይቄ ቆምሁ። ጌታም ቃል ሰጠኝ፤ አወራረዱም የአባቴ ነበር።

"በዓይኔ ያየሁት የለም። ከአባቴ የሰማሁት እስከ ሁለተኛው ገጽ ያለው ነው። የመሬቱን ነገር ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ፈጠርሁት።"

ዳኛው ወረቀቱ ከመዝገቡ እንዲወጣ አዘዙ። ጋሼ ደሳለኝ በአጠገቤ ሲያልፉ፣ "ሚሲዮን ያስተማረሽ ይህን ነው? የእናትሽን ወገን ማዋረድ?" አሉኝ። ያዋረድኋቸውስ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አልጻፉልኝም፤ ጸልዩልኝ።

አባቴ ተከትለውኝ ወጡ። "ደብተር ይዘሻል?" አሉኝ። ይዤ ነበር። አጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጻፊ አሉኝ። ያዩትን ነገሩኝ፤ የሰሙትን ከነተናጋሪው ነገሩኝ። ወንዙ ዳር ያለው መሬት ላይ ስንደርስ እርሳሴን ይዤ ጠበቅሁ።

"እሱን አላውቅም" አሉ። "ግን ዘለሽ አትለፊው። አባቴ አያውቁም ብለሽ ጻፊ።"

ወደ ኮሌጁ ተመልሼ ያንን የታሪክ ትምህርት ደግሜ ተማርሁት። ዛሬ ከአገሬ ርቄ በዚህ ከተማ ታሪክ አስተምራለሁ። አባቴ አሁንም ገብርኤልን ያገለግላሉ፤ እኔ የምጸልይበትን ቤት አልወደዱትም፣ ደብዳቤ ግን ይጽፉልኛል። ለዚህም ጌታ ይመስገን።

እኅቴ፣ ወንድሜ፣ በሰው ፊት ያማረ ነገር ደርድረህ በልብህ የምትሸማቀቅ ብትኖር፣ ያላማረውን ይዘህ ወደ ጌታ ና። አይጥልህም። ይህን ከማንም አልሰማሁትም፤ ያየሁት ነው።