በልብስ ገንዘብ የተገዛው ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ስልኳን ይዛ መጥታ አንድ የስፒከር ፓወር ኬብል አሳየችኝ። ወፍራም፣ በጥቁር ክር የተጎነጎነ ነገር ነው፤ ዋጋው ሙክት በግ ይገዛል። "አባዬ፣ ድሮ ሳውንድ ትሠራ አልነበር? እውነት ይሄ ድምፅ ያጠራል?" አለችኝ። መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ከአፌ ቶሎ አልወጣ አለ እንጂ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ናዝሬት ውስጥ (አዳማ ማለት ዛሬም እየረሳሁ ነው) በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራኑን ድምፅ ማጉያ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሙያዬ ሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ሁለት ወር ከመዋል የመጣ ነው፤ አፌ ግን ከሙያዬ ይቀድም ነበር።

ክረምቱን ሰላም የነበረው ስፒከር በጋው ሲከር እምምም ማለት ጀመረ። መጋቢት ላይ ትልቅ ጉባኤ አለብን፤ ከሻሸመኔና ከመቂ እንግዶች ይመጣሉ። መናኸሪያው አጠገብ ያለ ባለሱቅ "ችግሩ ከመብራቱ ነው፤ ይሄ ገመድ አጣርቶ ያስገባዋል" ብሎ የውጭ ኬብል አሳየኝ። ያለውን ቃል በቃል፣ የራሴ እውቀት አስመስዬ ለመዘምራኑ ነገርኳቸው። አዲስ ልብስ ለማሰፋት ሁለት ዓመት ያጠራቀሙትን ገንዘብ በእኔ ቃል ሰጡ።

ገመዱ የተሰካ ዕለት የመዘምራኑ መሪ ወንድም ምስጋናው እጁን ጭኖበት ጸለየ። ከፈትነው። "ጠራ!" አለ። "አሜን!" አሉ ሁሉም። የእኛን ቤት ልማድ የማያውቅ ይስቅ ይሆናል፤ ለእኛ ግን የተጸለየበትን ነገር "ገና ነው" ማለት አለማመን ነው። አንዳንዶቹ ከልባቸው የጠራ መስሏቸው እንደነበር አልጠራጠርም፤ ሰው የከፈለበትን ነገር ይሰማል። እኔ ግን እምምታውን ቁልጭ አድርጌ እሰማው ነበር። ቢሆንም "አሜን" አልኩ።

መከራው የወደቀው ሰናይት ላይ ነው። አንዱን መዝሙር ብቻዋን የምትጀምረው እሷ ነበረች፤ ድምፅዋ ቀጭንና ለስላሳ ነው። ሌላው ሁሉ ዝም ሲል ያ እምምታ ከሥሯ ይወጣል። ገመዱ ጠርቷል ከተባለ ጥፋቱ የማን ይሁን? መጀመሪያ "ማይኩን አታስጠጊው" አሏት፤ በኋላ "ጉሮሮሽን ታዪ"። ዝንጅብል በማር እየጠጣች ትመጣ ጀመር። አንድ ቀን ጠጋ ብላ "አንተ ባለሙያ ነህ፣ ድምፄ ምን ሆኖ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ትንሽ ዕረፊ" አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ጓደኞቼ የዝዋይ አሣ ጥብስ ሲጋብዙኝ አጥንቱን ስለቅም ዋልኩ። በዚያ ሙቀት፣ በጋሪ አቧራ መሐል እየሄድኩ "ገመዱ አልሠራም፣ ተሳስቻለሁ" የምትለዋን አጠናለሁ፤ የግቢው በር ላይ ስደርስ ትጠፋኛለች። የማሰፊያውን ገንዘብ ያስበላ ሰው መባልን ፈራሁ።

በጉባኤው ዋዜማ ጠዋት ምስጋናው መዝሙሩን ለሌላ ልጅ ሰጠ። ሰናይት ግጥሙ የተጻፈበትን ወረቀት አጣጥፋ አቀበለቻትና ወደ ኋላ ረድፍ ሄደች። አዲሷ ልጅ አፏን ስትከፍት ያው እምምም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

የግቢው ዘበኛ ጋሽ ደበላ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ስኳር ፋብሪካ በኤሌክትሪሺያንነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ኧርዙን አይተኸዋል?" አሉኝ። ከአዳራሹ ጀርባ ወሰዱኝ። መብራቱን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የብረት ዘንግ ዙሪያው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጣት ያስገባል። ሁለት ባልዲ ውኃ አፈሰሱበት።

"አፈሩ ሲደርቅ ብረቱን ይለቀዋል። በጋ በጋ ማጠጣት ነው" አሉ።

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ ቆዩ?"

"ጠርቷል አላችሁ እኮ! ማን ጠየቀኝ?"

ስንመለስ ስፒከሩ ጸጥ ብሏል። ውዱን ገመድ ነቅዬ አሮጌውን ሰካሁ፤ ያው ጸጥታ። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት፦ ገመዱ ምንም እንዳልሠራ፣ ከመጀመሪያው ቀን እንዳወቅሁት። ማንም አልተቆጣኝም፤ ምስጋናው "ተመስገን" አለና ልምምዱን ቀጠለ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ገመዱን ስጠቀልል ሰናይት መጣች።

"ከመጀመሪያው ቀን ትሰማው ነበር?"

"አዎ።"

"እኔ ስጠይቅህም?"

"አዎ።"

ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። መዝሙሩን መልሰው ቢሰጧት እምቢ አለች፤ እዚያ በነበርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከኋላ ረድፍ አልወጣችም።

ለልጄ "ለውጥ የለውም፤ ገንዘብሽን አታባክኚ" አልኳት። እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀችኝ፤ ነኝ። የማላውቀው ሰናይት ይቅር ብላኝ እንደሆነ ነው። ያኔ እውነቱን ተናገርኩ እንጂ ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ አሁንም እፈራታለሁ። አምና ሞጆ አንድ ሠርግ ላይ ተገናኝተን በወጉ ተሳሳምን፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። መዝሙር ሲጀመር ዓይኔ ወደ ከንፈሯ ሄደ። ሳትዘምር ታጨበጭብ ነበር።