እመቤት ያደሰችው ወለል

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ፍቼ መናኸሪያ

የጥር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን እንጠብቃለን። አባቴ ለበዓል ብቻ የሚያወጡትን ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ ጫማቸውንም ትናንት ራሳቸው ቀብተውታል። የምንሄደው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ የማናውቃቸው ሰዎች ሠርግ ላይ ነው። የጠራችን ታናሽ እህቴ እመቤት ናት። ሠርጉ የሚደረግበትን የድሮ የዳንስ አዳራሽ ወለል ያደሰችው እሷ ናት።

እመቤት የነርስነት ትምህርቷን አቋርጣ አናጺ ስትሆን አባቴ አልተቆጡም፤ ስለ እሷ ማውራት ነው የተዉት። ዕድሜያቸውን በመምህርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ስለ ልጆቻቸው ሲጠየቁ ስለ እኔ ይናገሩና ወሬ ይለውጣሉ። ሥራዋን አንድም ቀን ሄደው አይተው አያውቁም። የዛሬውንም እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። "በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?" ብቻ አሉኝ።

2፡15፣ ጫንጮ

ሜዳው ላይ የድርቆሽ ክምር፣ መንገዱ ዳር መኪና የሚጠብቁ የወተት ቢዶኖች። ሾፌሩ ለሻይ አቆመልን። ትኩስ ፓስቲ ይዘን እንደተቀመጥን አባቴ ወለሉ ከምን እንጨት እንደሆነ ጠየቁኝ። ከጥድ ነው አልኳቸው። የማውቀውንም ነገርኳቸው። የአዳራሹ ባለቤት አሮጌውን ጣውላ አስነቅሎ ሴራሚክ ሊያስነጥፍ ነበር። እመቤት ተከራከረችው። ደህናውን ጣውላ አንድ በአንድ አንስታ ላገች፣ የበሰበሰውንና ከሥር የሚሸከሙትን እንጨቶች ተካች። ሰውዬው የተስማማው ግን በአንድ ነገር ነው፦ በመጀመሪያው ሠርግ ወለሉ ከተንቀሳቀሰ ሰኞ ይነቀላል።

"ስንት ሰው ተጠርቷል?" አሉ።

"ሦስት መቶ።"

ፓስቲያቸውን አልጨረሱትም።

3፡30፣ እንጦጦ

ሱሉልታን አልፈን ዳገቱን ስንጨርስ ከተማው ከታች ተዘረጋ። የእጽዋት ማዕከሉን ዛፎች ታክከን እንወርዳለን። ሾፌሩ የት እንደምንሄድ ሲሰማ አዳራሹን እንደሚያውቀው ነገረን። እሱ ሲያውቀው የጆንያ መጋዘን ነበር። ያኔ የሚጨፍርበት አይጥ ብቻ ነው ብሎ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም።

4፡20፣ አዳራሹ

ከአዲሱ ገበያ፣ "ጳውሎስ፣ ጳውሎስ" ከሚሉት የታክሲ ረዳቶች መሃል ወጥተን በእግራችን ሄድን። ግቢው የድንጋይ አጥር አለው። ውስጡ ረጃጅም መስኮቶች፣ ዙሪያውን የእንጨት ሰገነት፣ ከታች ደግሞ ወለሉ። የማር መልክ አለው፤ የመስኮቶቹ ብርሃን ተኝቶበታል። እመቤት ተንበርክካ የመጨረሻውን ጥግ ሰም ትቀባለች። ተነስታ የአባቴን ጉልበት ልትስም ስትል ቀና አድርገው ትከሻዋን ሳሙ። ከመግባታቸው በፊት የጫማቸውን ሶል ምንጣፉ ላይ ሁለት ጊዜ ሲጠርጉ አይቻለሁ።

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀስ ብለው ሄዱ፤ ተመለሱ።

"አሮጌው የትኛው ነው፣ አዲሱስ?"

"ካልለዩት ጥሩ ነው አባዬ" አለች።

9፡00፣ ሠርጉ

ምሳ ተበልቷል። በእስክስታው ወለሉ ምንም አልሆነም። ግን የሙሽሪት ቤተሰቦች ጉራጌዎች ናቸው፤ ጉራጊኛው ሲጀመር ወንበር ላይ የቀረነው ጥቂት ነን። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ምት ይረግጣል። የአዳራሹ ባለቤት በሩ ጋ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እመቤት ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ መዳፏን ወለሉ ላይ አሳርፋለች። አባቴ እሷን እንጂ ሙሽሮቹን አላዩም። እኔም ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ፤ ከዘፈኑና ከእግሩ በቀር የሚሰማ የለም። አንድም ጣውላ ሲጥ አላለም።

ዘፈኑ አለቀ፤ ሌላ ተጀመረ፤ እሱም አለቀ። ባለቤቱ ግድግዳውን ይዞ ወደ እመቤት መጣና በሁለት እጁ ጨበጣት። የሴራሚኩ ነገር በዚያው እንደቀረ በኋላ ነገረችን። ያን ጊዜ ያየሁት ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ነው።

ከጎናችን ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት በላብ ተጠምቀው ከጭፈራው ተመለሱ። ውሃ ጠጡና ወደ አባቴ ዞር አሉ።

"እርስዎ የሙሽራው ወገን ነዎት የሙሽሪት?"

አባቴ ኮታቸውን አስተካከሉ።

"የወለሉ ወገን ነኝ" አሉ።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው ሲያይዋቸው አባቴ በእጃቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ።

"ያቺ ልጄ ናት። አናጺ ናት።"