ወደ ካባው ያልሄድንበት ቅዳሜ

ልጆች ሆነን፣ ጥቅምት ገብቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ አምቦ ውስጥ የዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ለትምህርት አይሆንም ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት ሽታ ክፍላችን ድረስ ይገባል፤ ማን ደብተር ያያል! የኅብረተሰብ መምህራችን፣ እኛ «ቲቸር» የምንለው፣ ይህን ስለሚያውቅ ሰሌዳውን ያጠፋና ለቅዳሜ የእግር ጉዞ ሁለት ሦስት ቦታ ይጽፋል። ጠዋት ሄደው ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚመለሱበት ቦታ መሆን አለበት። ከዚያ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ውሻ የሚፈራው አንዱን መንገድ ይቃወማል፣ ጫማው የተቀደደው ድንጋያማውን አይፈልግም፣ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ይከራከራል። በመጨረሻ እጅ ይቆጠራል። እኔ ደረጃ የምወጣ ተማሪ ስለነበርኩ ቃሌ ይሰማ ነበር፤ በዚህም ትንሽ እኮራ ነበር። ኧረ ትንሽ ብቻም አይደል፣ በጣም።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን፣ አንድ ረቡዕ ቲቸር ምርጫውን አስቀድሞ ነገረን፤ ወይ ሁሉቃ ወንዝ፣ ወይ ከከተማው በላይ ያለው የድንጋይ ካባ። እሱ ልቡ ያለው ካባው ላይ ነበር። ድንጋይ እየተፈለጠ የሚወጣበት ገደል ስለሆነ፣ መሬት እንዴት እንደተነባበረች እዚያ በዓይን ይታያል አለን። እኔ ክው አልኩ። አባቴ እዚያ ድንጋይ ጠራቢ ነበር።

ይህን ክፍል ውስጥ ማንም አያውቅም። ጠራቢዎቹ አመሻሽ ላይ ከነአቧራቸው ሲወርዱ «ወፍጮ ቤት ያደሩት መጡ» እያልን እንስቅባቸዋለን፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ስባል «ቢሮ» ብዬ አልፋለሁ። ቤት ስገባ ግን መሮና መዶሻውን ከበሩ ኋላ አስቀምጦ፣ ፊቱን ታጥቦ የሚጠብቀኝ እሱ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ሻካራ ጣቱ ፀጉሬን የሚጎነጉንልኝም እሱ ነበር።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የዚያን ዕለት ራት ላይ ነገሩ ከአፌ አመለጠኝ። አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

«እኛ ጋ? ልጆቹ በሙሉ?» አለ።

ከዚያ ጮክ ብሎ ማሰብ ጀመረ። ፍንጣሪ ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ መዶሻ እናቆማለን፤ አብሮን የሚጠርበው ኦቦ ቱሉ በርሜል አለው፣ በቆሎ እንቀቅልላቸዋለን። ደስ ሲለው በኦሮምኛ ነበር ልጄ የሚለኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ድንጋዩን እኔ ራሴ ነኝ የማሳያችሁ» አለኝ።

ዓርብ ዕለት እጅ ሊቆጠር ሲል ብዙው ልጅ ወደ ካባው አዘንብሎ ነበር። ተነሣሁ።

«ቲቸር፣ እዚያ አደገኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ድንጋይ ወርዶ ሰው ተጎድቷል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጎረቤታችን እዚያ ይሠራል።»

ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። እጁ ሁሉ ለሁሉቃ ወጣ። ያን ዕለት አባቴ ከሥራ ሲገባ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የተኛሁ አስመሰልኩ። አልቀሰቀሰኝም። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ወጥቶ ሄደ።

ሁሉቃ ላይ ተራጨን፣ ቆሎ ተሻማን፣ የአንዱን ልጅ ጫማ ውሃ ወሰደበትና እስኪያመን ሳቅን። ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቅ ነው፤ የውሸት አልነበረም፣ የምር ደስ ብሎኝ ነበር። አመሻሽ ላይ አባቴ የቀዘቀዘ የተቀቀለ በቆሎ በማዳበሪያ ተሸክሞ ገባ። እሱና ጠራቢ ጓደኞቹ መዶሻ አቁመው፣ መቀመጫ ቦታ ጠርገው፣ ለጥላ ሸራ ወጥረው፣ እስከ እኩለ ቀን ጠብቀውን ኖሯል።

«ምነው፣ ልጅ ታመመባችሁ?» አለኝ።

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። «እግዜር ይማረው» አለና ማዳበሪያውን አወረደ። ሦስት ቀን ያንን በቆሎ በላን። እያሞቀ ያቀርብልኛል።

አሁን አምቦ አጠገብ፣ ጉደር ሥራ ይዣለሁ፣ የምር ቢሮ። አምና አባቴን ለጉልበቱ ሐኪም ቤት ወስጄው ወረፋ ስንጠብቅ ድንገት ተናዘዝኩለት። የዚያን ቅዳሜ መንገድ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ፣ አፍሬብህ ነው አልኩት። እያለቀስኩ ነበር። እሱ ጉልበቱን እያሻሸ ሰማኝ።

«አውቃለሁ» አለ። «ሰኞ መምህርሽ ካባው ድረስ መጥተው ነበር። ስምሽን ጠርተው፣ ጎረቤቴ ነገረኝ ብላለች፣ እውነት ድንጋይ ወርዶ ሰው ተጎድቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«አዎ ወርዷል፣ ጎረቤቷም እኔ ነኝ አልኳቸው። ታዲያ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ውሸታም ትባዪ?»

የዚያን ሰኞ ማታ እንደ ወትሮው በቆሎውን አሙቆልኛል። ፀጉሬንም ጎንጉኖልኛል።

ዛሬ ዛሬ የቅዳሜ መንገድ የሚመረጠው በእጅ ሳይሆን በስልክ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሁለት ሦስት ቦታ ይጽፉና ድምፅ እንሰጣለን። ካባው ብዙ ጊዜ ይጻፋል። አሁን «አባቴ የጠረበበት ነው» ለማለት አፌን አይዘኝም። አብረኸን ና ብዬ ለምኜው ነበር፤ ጉልበቱ ዳገቱን አይችልም። «አንቺ አሳያቸው» አለኝ። ምን አሳያቸዋለሁ? ሊያሳየን በጠበቀበት ቀን እኔ ወንዝ ውስጥ ነበርኩ። ድምፅ ስጪ ስባል አሁንም ሁሉቃን እመርጣለሁ።