ጋሼ ይስተካከላል እና አሮጊቷ መርከብ

ድርጅቱ ሲሚንቶ ያመርታል፣ ብስኩት ይጋግራል፣ ቀለም ይበጠብጣል፤ እግረ መንገዱንም መርከብ ያስተዳድራል። የመርከብ ኩባንያው ቢሮ ከብስኩት ፋብሪካው በላይ ስለሆነ፣ ስለ ማዕበል ሲማከሩ የሚውሉት ሰዎች ቤታቸው የሚገቡት ቫኒላ ቫኒላ እየሸተቱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከቀለም ፋብሪካው ተዛውረው የመጡ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ነበሩ። ሠራተኛው በሌሉበት «ጋሼ ይስተካከላል» ይላቸዋል። ሞተር ተሰበረ ሲባሉ ይስተካከላል ይላሉ፤ ውኃ ገባ ሲባሉም ይስተካከላል ይላሉ። ከዚያ አንድ በርሜል ቀለም ይልካሉ። አይፈረድባቸውም፤ የሚያውቁት እሱን ነው።

ከመርከቦቹ ሁሉ የምታስቸግራቸው አንዷ ነበረች። ጌታው፣ ማለትም የድርጅቱ ሁሉ ባለቤት፣ በእናታቸው ስም ስለሰየሟት ክፉ ቃል አይነገርባትም። አረጀች አይባልም፤ ዛገች አይባልም። አንድ መካኒክ ስብሰባ ላይ «ሆዷ እኮ ወንፊት ሆኗል» ቢል የጌታው ፊት ጠቆረ፤ ብዙም ሳይቆይ መካኒኩ ታች ወርዶ ብስኩት በካርቶን ሲደረድር ታየ። ከዚያ ወዲህ መርከቧ የቱንም ያህል ብታፈስ «ትንሽ ደክሟታል» ተብሎ ይታለፋል።

እንግዲህ ይህቺው ደካማ ሲሚንቶ ጭና በማግስቱ ልትነሳ ተዘጋጀች። ከመርከበኞቹ አንዱ የጋሼ ይስተካከላል ልጅ ባል ነው። ልጅቱ እርጉዝ ሆዷን ደግፋ ቁርስ ላይ መጣችባቸው። ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ ሌት ተቀን እየሠራም አልችል ብሏል፣ ባሌ በዚህ ሁኔታ ከወጣን አንመለስም ብሎኛል እያለች አለቀሰች። ይስተካከላል አሏት። እውነትም ረፋዱ ላይ ባሏ ከመርከቧ ወርዶ የመጋዘን ተቆጣጣሪ ተደረገ።

ልጅቱ ግን አመስግና ቤቷ አልተቀመጠችም። ቢሮ ድረስ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ሌሎቹስ ሚስት የላቸውም?»

ጋሼ ይስተካከላል ሲያፍሩ እንደሚያደርጉት የጫማቸውን ጫፍ በሱሪያቸው ወለወሉ፤ እንደገናም ወለወሉ። ከዚያ ወደ ጌታው ቢሮ ወጡ።

እንደ ክፉ አጋጣሚ የጌታው እናት እዚያ ቆመው መጋረጃ ያስለካሉ። ጋሼ ይስተካከላል ላብ እያጠመቃቸው፣ መርከቧ ለጊዜው ብታርፍ፣ ዕድሜዋም ገፋ... ገፋ ሳይሆን በሰል ብላለች፣ ሆዷም አካባቢ ጥቂት ነገር አለ እያሉ ሲንተባተቡ፣ የጌታው ፊት መጥቆር ጀመረ። እናትየዋ ግን መጋረጃውን ለቀው ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«የራስህን ልጅ ትጭንባታለህ?»

«የልጄን ባል... ዛሬ ጠዋት አወረድኩት፣ እማማ።»

መጋረጃ የሚለካው ሰው እንኳ ሜትሩን ይዞ ቀረ። እናትየዋ ወደ ጌታው ዞሩ።

«በስሜ ሰው አይሰምጥም። ጉልበቴንም ሲያመኝ ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ እያላችሁ ነው ሳታሳክሙኝ የቀራችሁት።»

መርከቧ ጭነቷን አራግፋ ቀረች፤ መርከበኞቹም ቤታቸው ገቡ። ጋሼ ይስተካከላል ወደ ቀለም ፋብሪካቸው ተመለሱ። ጫማቸው አሁንም ያብረቀርቃል። እናትየዋ ጉልበታቸውን ታከሙ። መካኒኩን ግን ከብስኩቱ ላውጣው ብሎ ያስታወሰው የለም።

መርከቧ ለብረት አቅላጮች ስትሸጥ፣ ጌታው እናቴን ከነዝገቷ አልሸኝም ብለው አዘዙ። ስለዚህ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ነጭ ቀለም ተቀባች፤ አልደመቀም ተብሎም ተደገመ። ቀቢዎቹን ቆመው ያሠሩት ጋሼ ይስተካከላል ናቸው። ስትቆራረጥ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።