አጥሩ ላይ የታሰረው ቀይ ክር

የማስተምርበት ግቢ አዲስ አጥር ሲታጠር የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ነፋስ ስልክ ሰፈር ወዳለው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ።

ያኔ ከፋሲካ በኋላ አመሻሽ ላይ ጅራታም ኮከብ ይታይ ነበር። የአክስቴ የተዋበች ሠርግ ደርሶ ሳለ የሙሽራው አባት «የመዓት ምልክት ነው፤ ለከርሞ ይሁን» ብለው ላኩ።

ተዋበች አላለቀሰችም። በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት ግቢያችን ያለው ድንጋይ ላይ እያቆመችኝ «ከየትኛው እንጨት በላይ ነው?» ትለኛለች። በጠቆምኩት የአጥር እንጨት ላይ ቀይ ክር ታስራለች። ከድንጋዩ መውረድ ክልክል ነው፤ ቦታ ከቀየርኩ ኮከቡ ሳይሄድ የሄደ ይመስላልና። «ከጎኑ ካለው ኮከብ ይደምቃል?» ትላለች ደግሞ።

ክሮቹ ወደ ሰሜን ተጓዙ፤ የኮከቡም ድምቀት ቀነሰ። የሙሽራው አባት ሲመጡ እሳቸውንም ድንጋዩ ላይ አቆመቻቸው።

«አባባ፣ ይኸው መንገደኛ ነው፤ እየሄደ ነው። ለመንገደኛ ብለው እኔን ያስቀሩኛል?»

ሽማግሌው ክሮቹን አይተው አይተው «ለልጄ አዘንኩለት» ብለው ሳቁ። ለምን እንዳዘኑለት ያኔ አልገባኝም። ሠርጉ ግን በቀኑ ሆነ።

ነገ አመሻሽ ከተማሪዎቼ ጋር የጨረቃን መንገድ በአዲሱ አጥር ላይ እንከተላለን። ትናንት ክር ልቀበል ተዋበች ቤት ስሄድ ባሏ «አሁን ደግሞ ማንን ልታሳድዱ ነው?» አለኝ።