ከመድረኩ ጀርባ የተከፈተው ወለል

አገርነሽ የካ ሚካኤል አጠገብ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው ሦስት ልጆች ያሳደገች የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ጉርድ ሾላ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ስትሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ስትጮኽ የሰማት የለም፤ ቢበድሏትም "ይሁን" ብላ ታልፋለች። ጨለማ ግን አትችልም። በልጅነቷ እንጦጦ ጫካ ውስጥ መንገድ ጠፍቷት ካደረች ወዲህ፣ ደረጃ ላይ መብራት ከጠፋባት ግድግዳ ይዛ ትቆማለች።

ዘንድሮ ለሠራተኞች ሽርሽር መሀል ከተማ ያለ ጥንታዊ ቲያትር ቤት ተመረጠ። አገርነሽ ዕድሜዋን ሙሉ በደጁ አልፋለች እንጂ ገብታ አታውቅም።

"በተወለድኩበት አገር ቱሪስት ልሁን?" ብላ ብታመነታም፣ አብራት የምታጸዳው ወጣቷ ሰልማ እጇን ጎትታ አስገባቻት። ስልክና ቦርሳቸውን በር ላይ አስረከቡ።

አስጎብኚው አቶ ወልደሰንበት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። መጋረጃውን፣ ሰገነቱን፣ የድሮ ተዋንያንን ፎቶ አሳይተው ከመድረኩ ጀርባ ወሰዷቸው። እዚያ የወለሉን ክዳን አነሡ።

"ተዋናዩ ከሥር ብቅ የሚለው በዚህ ነው። ጥልቀቱ የሁለት ሰው ቁመት ነው፤ ጠጋ አትበሉ።"

አገርነሽ ቁልቁል አይታ ወደ ኋላ ሸሸች። ሰልማ ማስጠንቀቂያውን አልሰማችም፤ ወደ ኋላ ቀርታ የተሰቀሉ የትወና ልብሶችን ታያለች። ሽማግሌው ክዳኑን ሳይመልሱ የቀሩትን ይዘው ወደ ሌላው ክፍል አለፉ። አገርነሽ ሰልማን ልጠብቅ ብላ ከተከፈተው ወለል ማዶ ቆመች።

መብራት ጠፋ።

መስኮት የለም። እጇን ስትዘረጋ አንድ ገመድ አገኘች፤ ሙጭጭ አለችበት።

"እትዬ አገርነሽ! የት ነሽ?" ሰልማ ናት። "መጣሁልሽ፣ አትፍሪ!"

የጫማዋ ኮቴ ቀጥ ብሎ ወደ ተከፈተው ወለል ይመጣል። አገርነሽ "ቁሚ" ልትል አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ኮቴው ቀረበ። አንድ እርምጃ። ሌላ።

"ቁሚ ሰልማ! እግርሽን እንዳታነሺ!"

አዳራሹ በአገርነሽ ጩኸት አስተጋባ። ከዚያ ጭጭ። አገርነሽ የወደቀ ነገር ድምፅ ጠበቀች።

አቶ ወልደሰንበት ባትሪ እያበሩ እየሮጡ መጡ። የሰልማ አንድ ጫማ ጫፉ ከወለሉ ጠርዝ አልፎ ባዶ ላይ ነበር። ሽማግሌው በክንዷ ስበው አስቀመጧትና እሳቸውም አጠገቧ ዘጭ አሉ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጆቼ፤ የኔ ነው" አሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው ክዳኑን እየመለሱ።

ሰልማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። ወደ መገናኛ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ።

አገርነሽ ቤት ስትደርስ ልጇ ፀደንያ፣ "እማዬ፣ ቲያትር ቤቱ እንዴት ነው?" አለቻት።

"ትልቅ ነው" አለች አገርነሽ፤ ድምጿ ሻክሮ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።